ሠንጠረዡ የስንት ዓመት ዳታ ነው? ከጅማ የአንድ መመረቂያ ጽሑፍ ጉዳይ

ቁጥሩ 4.62 ነበር። ይዛው ቢሮዬ የመጣችው ግንቦት መጨረሻ አካባቢ፣ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በዋለበት ቀን ነው። ላፕቶፗን በፌስታል ጠቅልላ በጃኬቷ ሥር ደብቃዋለች፤ እሷ ራሷ ግን በስብሳለች። ገና ሳትቀመጥ «መምህር፣ ወጣልኝ!» አለች። ወጣልኝ ያለችው ኮኢንተግሬሽኑን ነው፤ ተለዋዋጮቿ በረጅም ጊዜ አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳየውን ዝምድና።

የኢኮኖሚክስ ማስተርስ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ስሟን አልጠቅስም፤ የሆነውን ግን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፣ ረቂቁንም አንብባዋለች። ዋና አማካሪዋ እኔ አልነበርኩም። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በፋይናንስና በኢኮኖሜትሪክስ ውስጥ ያሉትን የሲሙሌሽን (በኮምፒውተር ዕጣ እያወጡ የማስመሰል) ዘዴዎች ስለማስተምር ሁለተኛ አማካሪ ሆኜ ተመድቤ ነበር። ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው ሰኔ በመጣ ቁጥር የሚደገም ስለሆነ ነው። ተማሪው ወራት ተጨንቆ ይሠራል፣ የወጣለት ቁጥር ከማነጻጸሪያው ሠንጠረዥ ቁጥር ይበልጣል፣ ደስ ይለዋል፣ ይመረቃል። ሠንጠረዡ ራሱ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። እኔም ለዓመታት አልጠየቅኩም፤ አሁን ሳስበው የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ጥያቄዋ ለአካባቢው ልጅ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። የቡና ወጪ ንግዳችን መጠን ከዓለም ዋጋ፣ የዋጋ ንረት ከተስተካከለለት የምንዛሪ ተመን እና ገበሬው እጅ ከሚገባው ዋጋ ጋር በረጅም ጊዜ ተያይዞ ይሄዳል ወይ? ያደገችው ጀንፈል በሚሰጣበት ግቢ ውስጥ ስለሆነ «ዋጋ ወረደ» ሲባል በቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ታውቀዋለች። ዳታዋ ከ1982 እስከ 2016 በጀት ዓመት፣ በድምሩ 35 ዓመት ነው። ከ1982 የጀመረችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቡና አምራችና ገዢ አገሮች የተስማሙበት የኮታ ሥርዓት የፈረሰው በ1981 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነበር። መጨረሻዋንም በደንብ አስባበታለች። ብር በገበያ እንዲወሰን የተለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የ2016 በጀት ዓመት ሰኔ 30 ሲዘጋ ያ ለውጥ ገና አልመጣም። መሐል ላይ ግን ማምለጥ የማይቻል አንድ ትልቅ ዝላይ አለ፤ በ1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር የሄደበት።

አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ ልበል። የዓለም ዋጋን ከጥር እስከ ታኅሣሥ ባለው የፈረንጆች ዓመት አማካይ ወስዶ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ከሚቆጠረው የእኛ በጀት ዓመት ጋር ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ጽሑፍ ብዙ አይቻለሁ። ግማሽ ዓመት የተንሸራተተ ዳታ ነው። እሷ የየወሩን ዋጋ ወስዳ በራሳችን በጀት ዓመት ደምራዋለች። ይህን ሳይ ነው ከዚህች ልጅ ጋር ረጅም መንገድ መሄድ ይቻላል ያልኩት።

የተጠቀመችው ዘዴ ዛሬ በአገራችን የማስተርስ ጽሑፎች ውስጥ በብዛት የሚታየው ኤአርዲኤል ነው፤ የዛሬውን ቁጥር ከራሱና ከሌሎች ያለፉ ዓመታት ቁጥሮች ጋር የሚያያይዝ ሞዴል፣ ከእሱ ጋር የሚመጣውን ባውንድስ ቴስት፣ የወሰን ፈተናውን፣ ጨምሮ። ዘዴው ዝምድናው ምን ያህል ጎልቶ እንደወጣ የሚለካ አንድ ኤፍ ቁጥር ይሰጥሃል፣ ሠንጠረዡ ደግሞ ሁለት ወሰን። የታችኛው ወሰን ገላጭ ተለዋዋጮቹ ሁሉ የረጉ (በአማካያቸው ዙሪያ የሚመላለሱ) ከሆኑ፣ የላይኛው ሁሉም ራንደም ወክ (መመለሻ ሳይኖራቸው የሚንከራተቱ) ከሆኑ የሚያገለግል ነው። ቁጥርህ ከላይኛው ከበለጠ የረጅም ጊዜ ዝምድና አለ ትላለህ፤ ከታችኛው ካነሰ የለም፤ መሐል ከወደቀ መልስ የለህም። ለእሷ ሞዴል፣ በሦስት ገላጭ ተለዋዋጮችና በ5 በመቶ ደረጃ (ዝምድና ሳይኖር አለ ብሎ የመሳሳት ዕድሉ 5 በመቶ ሲሆን)፣ ወሰኖቹ 3.23 እና 4.35 ናቸው። 4.62 ከ4.35 ይበልጣል። ስለዚህ ወጣላት።

«ሠንጠረዡ የስንት ዓመት ዳታ ነው?» አልኳት።

ግራ ገባት። «ሠንጠረዥ ዳታ አለው እንዴ?»

አለው። እነዚያ ወሰኖች ከቀመር የተገኙ አይደሉም። ፔሳራን፣ ሺን እና ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲያወጧቸው በኮምፒውተር ውስጥ ምንም ዝምድና የሌላቸውን ተከታታይ ቁጥሮች ፈጥረው፣ ፈተናውን በእነሱ ላይ 40,000 ጊዜ ደጋግመው፣ ከሚወጡት ኤፍ ቁጥሮች ውስጥ 95 በመቶው የሚያንሱበትን ቦታ ምልክት አድርገው ነው። እያንዳንዱ የፈጠሩት ተከታታይ ቁጥር 1,000 ምልከታ ነበረው። አንድ ሺህ! ዓመታዊ ዳታ ቢሆን ከዛሬ ወደኋላ ስንቆጥር ንጉሥ ላሊበላ ከመንገሡ በፊት እንደርሳለን። እሷ ያላት 35 ነው። በዲኪና ፉለር ስም የሚጠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው የዩኒት ሩት ፈተናም (ተከታታይ ቁጥሩ ራንደም ወክ መሆን አለመሆኑን የሚፈትሸው) ሠንጠረዡ የሲሙሌሽን ውጤት ነው። ተማሪዎቻችን «ሲሙሌሽን አልሠራንም» ይላሉ እንጂ በሰው ሲሙሌሽን ላይ ቆመው ነው የሚመረቁት።

እዚህ ላይ ነገሩን በአምስት ደቂቃ መጨረስ እችል ነበር። ናራያን እ.ኤ.አ. በ2005 ከ30 እስከ 80 ምልከታ ላላቸው ጥናቶች ለብቻው ሠንጠረዥ አውጥቷል፤ ገጹን አሳይቻት ትሄድ ነበር። አላሳየኋትም። ከአንዱ ሠንጠረዥ ወደ ሌላው ብትዛወር እምነቷ ቦታ ይቀይራል እንጂ የራሷ አይሆንም። «ራስሽ አውጪው፤ አንቺ የምትችዪው ነገር ነው» አልኳት። ሦስት ሳምንት ነበር የቀራት። ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም።

ትችላለች ያልኩት እንዲሁ ለማበረታታት አልነበረም። በመጀመሪያው ሴሚስተር ኮርሱን ስትወስድ የሠራናቸውን ነገሮች አስታውሼ ነው።

የኮርሱ የመጀመሪያ ቀን ሁልጊዜ አንድ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት የማይተዋወቁ ራንደም ወኮች ይፈጥራል፤ የዛሬው ቁጥር የትናንቱ ላይ ድንገተኛ ነገር የተጨመረበት ብቻ የሆነ። አንዱን በሌላው ላይ ሪግረስ ያደርጋል፤ አንዱ ሌላውን ምን ያህል እንደሚያብራራ ይለካል ማለት ነው። ከዚያ እጅ አውጡ እላለሁ፤ ቲ ቁጥሩ ከ2 የበለጠበት፣ ማለትም ዝምድና አለ የሚያሰኝ ውጤት የወጣለት ማን ነው? ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክፍል እጁን ያወጣል። ግሬንጀርና ኒውቦልድ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳዩት ይህንኑ ነው። ዝምድና እንደሌለ የምናውቀው ራሳችን ስለፈጠርነው ነው፤ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ ግን ጉልህ ውጤት ነው ብሎ ሦስት ኮከብ ይሰጠዋል። ያን ቀን የክፍሉ ዝምታ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ሥራ ከፋይናንስ ነው። አንድ የአጋሮ ቡና አቅራቢ ኅዳር ላይ ጀንፈል ገዝቶ መጋዘን አስገባ እንበል። የፈረሱላውን ዋጋ ለስሌት እንዲመቸን 100 እናድርገው። ከሦስት ወር በኋላ ዋጋው ከ100 ቢወርድ ልዩነቱን የሚከፍለው ሰው ቢያገኝ፣ ለዚያ መተማመኛ ዛሬ ስንት ቢከፍል ተገቢ ነው? በፋይናንስ ቋንቋ ፑት ኦፕሽን ይባላል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቆመው መጋዘን የገባን ምርት ለማገበያየት ስለሆነ ቡና አቅራቢው ይህን ውል ከዚያ አይገዛም፤ ጥያቄው ግን የእሱ ጥያቄ ነው፣ በየዓመቱ በብድር ቡና የሚይዝ ሰው ሁሉ ጥያቄ። የዋጋው መዋዠቅ በዓመት 30 በመቶ፣ ወለዱ ዜሮ ከሆነ የብላክና ሾልስ እ.ኤ.አ. የ1973 የኦፕሽን ዋጋ ቀመር 5.98 ይላል። ፌሊም ቦይል እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳየው ደግሞ ያለ ቀመሩም እዚያው መድረስ እንደሚቻል ነው። የሦስት ወሩን ዋጋ በዕጣ ብዙ ጊዜ ፍጠር፣ በእያንዳንዱ ክፍያውን አስላ፣ አማካዩን ውሰድ።

ተማሪዎቹ በ100 ዕጣ ሲጀምሩ አንዱ 5.1፣ ሌላው 6.9 ይዞ ይመጣል፤ ስታንዳርድ ኤረሩ (መልሱ ከሙከራ ሙከራ የሚዋዥቅበት መጠን) 0.8 ገደማ ነው። በ10,000 ዕጣ ሲያደርጉት 0.08 አካባቢ ይወርዳል። ሥራው መቶ እጥፍ ሆኖ ስህተቱ የቀነሰው አሥር እጥፍ ብቻ ነው። የሞንቴ ካርሎ፣ በዕጣ የማስላት ዘዴው፣ ሕግ ይህ ነው፤ ከስሌት በላይ የሚሰማቸው ግን ኮምፒውተሩን ተቀምጠው ሲጠብቁ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ለእያንዳንዱ ዕጣ ተቃራኒውን አብሮ መጠቀምን የመሰሉ ድካም ቆጣቢ መላዎች ትርጉም የሚሰጧቸው። 5.98ን ካገኙ በኋላ ብቻ ወደ ቀጣዩ እንሄዳለን፤ መተማመኛው በመጨረሻው ቀን ዋጋ ሳይሆን በሦስቱ ወራት አማካይ ዋጋ ላይ ቢሆንስ? ለዚህ እንደ ብላክና ሾልስ ያለ ቁርጥ ያለ ቀመር የለም። የሲሙሌሽኑን መልስ የምናምነው በሚታወቀው ላይ ስላልዋሸን ነው።

የዘዴው ልደትም እንዲሁ ከሚታይ ነገር ነው። የሒሳብ ሊቁ ስታኒስላቭ ኡላም እ.ኤ.አ. በ1946 ከሕመም ሲያገግም ብቻውን ካርታ ይጫወት ነበር። የማሸነፍ ዕድሉን በሒሳብ ለማስላት ሞክሮ ሲከብደው፣ መቶ ጊዜ ተጫውቶ ያሸነፈበትን መቁጠር አይቀልም ወይ አለ። ከሌላው የሒሳብ ሊቅ ከፎን ኖይማን ጋር ወደ ኮምፒውተር ወሰዱት፤ ከሜትሮፖሊስ ጋር ያሳተመው ጽሑፍ ሞንቴ ካርሎ በሚለው ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ይህን ታሪክ ስነግራቸው ተማሪዎቹ ይስቃሉ፣ ቀጥለው ግን ኡላም ያደረገውን ያደርጋሉ።

እንግዲህ ወደ 4.62 ልመለስ።

የመጀመሪያ ትእዛዜ የ35ቱን ዓመት እንዳትነካ ነበር። መጀመሪያ የ1,000ውን ሠንጠረዥ ራሷ ታውጣ፤ 4.35 ከመጣ ፕሮግራሟ ትክክል ነው፣ ካልመጣ ስህተቱ የእሷ ነው። አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ ጻፈችው። አራት ራንደም ወክ ፍጠሪ፣ ሪግሬሽኑን ሥሪ፣ ኤፉን መዝግቢ፣ 40,000 ጊዜ ድገሚ። ማታ ለቃው ተኛች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፗ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፤ ጠዋት ስትነሳ አንድም ቁጥር የለም። ከዚያ በኋላ በየ500ው ውጤቱን ፋይል ላይ እያስቀመጠ እንዲሄድ አደረገችው። ጅማ ውስጥ ሲሙሌሽን የሚሠራ ሰው ከስታንዳርድ ኤረር በፊት ይህን ነው መማር ያለበት፤ በቁም ነገር ነው የምለው። በሁለተኛው ሙከራ 4.36 መጣላት። ደወለችልኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ከ4.62ቱ ቀን የተለየ ነገር ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ግን ሁለታችንም አልጠበቅነውም። ሥራውን ለማፋጠን ማታ ማታ ነፃ የሚሆኑትን የላብ ኮምፒውተሮች አስፈቅዳ 40,000ውን ለአራት ከፈለችው፤ ለእያንዳንዱ 10,000። አሁን በ35 ምልከታ ነው። በማግስቱ የአራቱን ውጤት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋ አመጣችው። የመጀመሪያው ኮምፒውተር የላይኛው ወሰን 4.874 ይላል። ሁለተኛው 4.874። ሦስተኛው 4.874። አራተኛውም።

«አራቱም ተስማሙ» አለች ደስ ብሏት።

ወረቀቱን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። 10,000 ዕጣ ብቻ ሲኖር የዚህ ወሰን ስታንዳርድ ኤረር ወደ 0.05 ይደርሳል። አራት የተለያዩ ኮምፒውተሮች፣ የተለያየ ዕጣ አውጥተው፣ እስከ ሦስተኛው ዲሲማል እኩል ሊመጡ አይችሉም። አራት ሰው አዌቱ ድልድይ ላይ ቆሞ በአንድ ሰዓት ያለፈውን ባጃጅ በአራት የተለያየ ቀን ቆጥሮ ሁሉም 213 ቢል ምን እንላለን? አንዱ ቆጥሮ ሦስቱ ገለበጡ ነው የምንለው። «ከእያንዳንዱ ኮምፒውተር የመጀመሪያዎቹን አሥር ዕጣዎች አትመሽ አምጪልኝ» አልኳት።

አሥሩም በአራቱም ላይ አንድ ነበሩ። ፕሮግራሙን በፍላሽ ስትገለብጥ የዕጣው መነሻ፣ ሲድ የምንለው፣ አብሮ ተገልብጧል፤ አራቱም ላይ 2017 የሚል። ኮምፒውተር እውነተኛ ዕጣ አያወጣም፤ ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነስቶ ዕጣ የሚመስል ረጅም ሰልፍ ያወጣል፤ መነሻው አንድ ከሆነ ሰልፉም አንድ ነው። ስለዚህ በእጇ የነበረው 40,000 ዕጣ ሳይሆን አራት ጊዜ የተጻፈ 10,000 ዕጣ ነበር። ሲድ ማስቀመጥ ጥሩ ነገር ነው፣ ሌላ ሰው ሥራሽን በትክክል እንዲደግመው ያደርገዋል፤ ለአራት ማሽን አንድ ሲድ መስጠት ግን የሌለ ማስረጃ ያስቆጥራል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ከሌላው የማይደራረብ የራሱ የዕጣ ጅረት እንዲኖረው አድርጋ እንደገና አስኬደችው። ይህች ስህተት ከየትኛውም ሌክቸሬ የበለጠ አስተምራታለች ብዬ አምናለሁ። እኔንም አስተምራኛለች፤ በአንድ ነገር ላይ የውጤቶች መስማማት ሊያስደነግጥ እንደሚገባ ከዚያ በፊት ለክፍል ተናግሬ አላውቅም።

ትክክለኛው ውጤት ይህ ነው። በ35 ምልከታ የታችኛው ወሰን 3.6 አካባቢ፣ የላይኛው 4.91። አሁን የናራያንን ገጽ ከፈትኩላት፤ ለ35 ምልከታ 4.913 ይላል። ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ ቆየች።

4.62 እንግዲህ መሐል ወደቀ። በእሷ 40,000 ዕጣ ውስጥ፣ ተለዋዋጮቹ ሁሉ ራንደም ወክ ሆነው ምንም ዝምድና በሌለበት ዓለም፣ 4.62 ወይም ከዚያ በላይ የመጣው ከመቶ ስድስት ተኩል ገደማ ጊዜ ነው። የድሮው 4.35 ደግሞ በ35 ዓመት ዳታ ላይ አምስት በመቶ ተብሎ የሚሳሳተው ከመቶ ስምንት ገደማ ጊዜ ነው። በ40,000 ዕጣ አምስት በመቶን ስንለካ ስታንዳርድ ኤረሩ 0.1 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ልዩነቱ የዕጣ ጨዋታ አይደለም። ሰማይ የሚደፋ ልዩነት ነው? አይደለም። ማጋነን አልወድም። ነገር ግን «በ5 በመቶ ደረጃ ዝምድና አለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሐሰት ነበር፤ በአብስትራክቱ ውስጥ በደማቁ ሊጻፍ የነበረውም እሱ ነው።

ዋና አማካሪዋ ጋ አብረን ሄድን። አንጋፋ ሰው ናቸው፣ ለተማሪዎቻቸውም ከልብ ያስባሉ። «ልጄ፣ ሌላው ሁሉ በዚያው ሠንጠረዥ እየሠራ አንቺ ብቻሽን ውጤትሽን ካፈረስሽ፣ ኤክስተርናሉ ምን ይልሻል?» አሏት። ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ «ውጤት የለውም» ተብሎ የተመለሰ ጽሑፍ አይተዋል። እኔም «ዶክተር፣ እርስዎ ያሉት ይገባኛል፤ ግን ቁጥሩን ካወቅነው በኋላ እንዳላወቅን መሆን አንችልም» አልኳቸው። ዝም አሉ። ፕሮግራሙን እንድታሳያቸው ጠየቁ፤ መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር አነበቡት። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን ጥያቄ ጠየቁ።

«ላጉን፣ ስንት ያለፈ ዓመት ሞዴሉ ውስጥ እንደሚገባ፣ የመረጠልሽ ሶፍትዌሩ ነው አይደል? በዳታሽ ላይ ብዙ ላግ ሞክሮ የተሻለውን መርጦ ነው። እዚህ ሲሙሌሽን ውስጥ ግን ላጉን አስቀድመሽ ቆርጠሽ አስቀምጠሽዋል። ያደረግሽውን ካልደገመ ምኑን አስመሰለው?»

ልክ ናቸው። ሲሙሌሽን ማለት ተመራማሪው ያደረገውን ሁሉ፣ ምርጫውን ጨምሮ፣ መድገም ነው፤ የተመቸውን ክፍል ብቻ ደግሞ የቀረውን መተው አይደለም። ናራያንም ሆነ ፔሳራን ላግ በዚያ መንገድ አልመረጡም። የላግ ምርጫውን በእያንዳንዱ ዕጣ ውስጥ አስገብታ ስትደግመው ወሰኑ ከ4.91 በላይ ወጣ፤ 4.62 ይበልጥ ራቀ። እሳቸው ውጤቱን ሊያድኑ አልነበረም የጠየቁት፣ እንደሚብስም ሳያውቁት አልቀሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጽሑፉ የሦስታችን ሆነ።

ዲፌንሱ ሳምንት ሲቀረው ወደ ተገላቢጦሹ ጥያቄ ሄደች፣ ማንም ሳያዛት። እስካሁን የፈጠረችው ዝምድና የሌለበትን ዓለም ነው። ዝምድና ያለበትን ዓለም ብትፈጥርስ? ወጪ ንግዱ ከረጅም ጊዜ መስመሩ ሲወጣ በየዓመቱ የክፍተቱን 20 በመቶ እየዘጋ የሚመለስበት ዓለም። ቡና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ዛሬ የተተከለ ችግኝ ለገበያ የሚበቃ ምርት ለመስጠት ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይፈልጋልና ዋጋ ቢጨምርም ምርቱ በማግስቱ አይከተልም። በዚህ ዓለም ውስጥ፣ በ35 ዓመት ዳታ፣ ፈተናው ያለውን ዝምድና ያገኘው ከግማሽ ባነሰ ጊዜ ነው። ለ100 ዓመት ዳታ ስትደግመው ብዙውን አገኘ። አሁን «ዝምድና የለም» ማለትም እንደማይቻል ታየ። አንድ ተማሪ ከራሱ ዳታ በላይ ማወቅ የማይችለውን ድንበር በግራፍ ሠርቶ ሲያሳይ ያየሁት ያኔ ነው። ሁለት መስመር ያለው ቀላል ግራፍ ነው፣ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ አለ።

ዲፌንሱ ሰኔ አጋማሽ ላይ ነበር። ኤክስተርናሉ ከሌላ ከተማ የመጡ ናቸው። ምዕራፍ አራትን ገልብጠው «እና ዝምድና አለ ነው ወይስ የለም የምትይው?» አሏት፣ ትንሽ ትዕግሥት ባጣ ድምፅ። እሷ ግራፉን ከፈተች። «ያለኝ 35 ዓመት ነው። ዝምድና ባይኖርም ይህን የመሰለ ቁጥር ከመቶ ከስድስት ጊዜ በላይ ይመጣል። ዝምድና ቢኖርና ማስተካከያው እንደ ቡና ተክል የዘገየ ቢሆን ደግሞ ፈተናው ከግማሽ በላይ ጊዜ ያመልጠዋል። በዓመታዊ ዳታ ይህን መለየት አይቻልም፤ በየወሩ በሚመዘገብ ዋጋ መቀጠል አለበት» አለች። ስለ ሲዱ ጠየቋት፣ መለሰች። ስለ 1985ቱ የምንዛሪ ዝላይ ጠየቋት፤ እዚህ ላይ መልሷ ደካማ ነበር፣ ሲሙሌሽኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝላይ አላስገባችም። ማስተካከያ ሆኖ ተሰጣት፤ ትክክለኛ ማስተካከያ ነው። ፕሮግራሙም በአባሪነት ሙሉ በሙሉ እንዲገባ ጠየቁ። አለፈች፣ በጥሩ ውጤት።

ዛሬ ከተማው ውስጥ በአንድ ባንክ የብድር ክፍል ትሠራለች። ባለፈው ወር ከአዲሱ ባች አንዲት ተማሪ 30 ዓመት ዳታና 4.8 የሚል ኤፍ ይዛ መጣችብኝ፤ ያው ሦስት ገላጭ ተለዋዋጭ፣ ያው 4.35። እሷ ጋ ላክኋት። ከሥራ በኋላ ፈረንጅ አራዳ ቡና ቤት ተቀምጠው ፕሮግራሙን ሲከፍቱ በዚያ ሳልፍ አየኋቸውና ተቀላቀልኩ። ታናሺቱ ወዲያው 35 የሚለውን ወደ 30 ልትቀይረው እጇን ስትዘረጋ «ቆይ እህቴ» አለቻት። «መጀመሪያ አንድ ሺውን አስኪጂው። ሌሊቱን ይፈጃል፣ በየ500ው ያስቀምጣል፤ 4.35 አካባቢ ካልመጣልሽ 30ውን እንዳትነኪው።»

በማግስቱ ጠዋት ክፍል ልገባ ስል ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ከታናሺቱ ነው፤ አንድ ቁጥር ብቻ። 4.34።